በኤክስ የተዘጋው በር

በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አካባቢ ዝናብ አባረረኝና አቶ ገሰሰ ጌም ቤት ገብቼ ተጠለልሁ። ጌም አልወድም። ውስጥ ግን ጠብ ነበርና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

"ጋሼ፣ ቃልዎን ይጠብቁ እንጂ!" ትላለች አይናለም፣ አምና ያስተማርኋት ልጅ።

ነገሩን ጠይቄ ተረዳሁ። አቶ ገሰሰ ጌሙን ጨርሶ የወርቅ ጋሻውን ላመጣ ሰው ቤቱን የማስተዳደር ሥራ እሰጣለሁ ብለው ነበር። አይናለም ሦስት ወር ለፍታ ጨረሰች። ጋሻው ያለበት በር ግን አልከፈት አላት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን የጌሙ ሽፍቶች "የመንደሩን ሽማግሌ ትሰጫለሽ?" ብለው ሲጠይቋት ሰጥታለችና። ሥራውን ካጣች በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍራ ኮኪት ሄዳ ሰሊጥ ልታርም ነው።

"ከሐዲ ጋሻ አይገባውም። ማሽኑም ያለው ይህንኑ ነው። ኻላስ፣ አለቀ!" አሉ አቶ ገሰሰ።

"አልሰጠሁም! አይሆንም ብዬ ጆይስቲኩ ላይ ኤክስ ነካሁ። ኤክስ ስህተት ማለት አይደለም እንዴ? መምህር ደብተሬ ላይ ሲያደርጉብኝ የኖሩት ምንድን ነው?"

አፈርሁ። በቀይ እስክሪብቶ ስንት ኤክስ አድርጌባታለሁ! ተራ ከሚጠብቁት ልጆች አንዱ በጆሮዬ እንደነገረኝ ግን፣ በዚያ ማሽን ኤክስ ማለት እሺ ማለት ነው። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ይህ አናደደኝ።

"ሁሉም አልገባኝም ነበር ካለ፣ መምረጥ ምን ትርጉም አለው?" አሉ አቶ ገሰሰ። "አውቆ የከዳውስ ጥፋቱ ይሰረዝለት?"

"አይሰረዝለት ጋሼ! መንደሩ ይጥላው፣ ሽማግሌው ይርገመው፣ ሌላው አንዴ የሚሄደውን መንገድ እሱ ሦስቴ ይሂድ። ግን እኔ ከዚያ ወዲህ ሰባት መንደር አድኛለሁ። ያ ሁሉ ከንቱ ነው? በሩ ለዘላለም ከተዘጋ፣ ያጠፋ ሰው ለምን ብሎ ደግ ይሆናል?"

"እውነቷን ነው!" ብዬ ጮህሁ። "እርስዎ ራስዎ ይሞክሩታ!"

"ምን ገዶኝ!" ብለው፣ ቤቱን ከፍተው እንጂ ተጫውተው የማያውቁት አቶ ገሰሰ መነጽራቸውን አጠለቁና ጆይስቲኩን ተቀበሉ። ጌሙ ከመጀመሪያው ተከፈተ። ሽፍቶቹ መጡ። ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሼ አነበብሁላቸው።

"እኔ ገሰሰ ሽማግሌ ልሰጥ? በጭራሽ!" አሉና ኤክሷን በአውራ ጣታቸው ደቆሷት።

ሽፍቶቹ ሽማግሌውን አስረው ይዘውት ሄዱ።

"ኧረ አልሰጠሁም! መልሱልኝ!" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተራ ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አይናለም ብቻ አልሳቀችም።

"ኻላስ ጋሼ" አለቻቸው።

አቶ ገሰሰ ጆይስቲኩን አስቀመጡ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱ። "የጋሻውን በር መክፈት አልችልም፤ የዚህን ቤት ግን እችላለሁ" ብለው ቁልፉን ሰጧት።

ዛሬ እዚያ ግድግዳ ላይ በትልቁ "ኤክስ ማለት እሺ ነው" የሚል ተለጥፏል። ቀድሞ ባደረገው ምርጫ በር የተዘጋበት ተጫዋች፣ አይናለም ሦስት ከባድ ሥራ ሰጥታው ከተወጣ የቤቱን ሽልማት ያገኛል። ተጫዋቾቹም ሳያነቡ መንካት ትተዋል፤ ያጠፋውም ተስፋ ቆርጦ አይሄድም።

እኔ ግን ያን ቀን ባይዘንብ ኖሮ ልጅቱ ባልገባት ኤክስ ሰሊጥ አራሚ ሆና ትቀር ነበር እያልሁ እስከ ዛሬ እበግናለሁ። አሁን ደብተር ሳርም ኤክስ አድርጌ አላልፍም፤ ከሥሩ እንደገና የሚሞከርበት ባዶ መስመር እተዋለሁ።