የእትዬ አያልነሽ መርዶና ሁለቱ ቁልፎች

ብሩክታይት ከአረካ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ ገብታ ቀና ስትል፣ አጠገቧ የተቀመጡት የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ኤርካሎ ሆነው አገኘቻቸው። ሳምንት ሙሉ ስትሸሻቸው ከርማ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እትዬ አያልነሽ እንዴት ናቸው?»

«እንዳለች ናት ልጄ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሾርባ እንኳ አልቀምስም ብላለች። ‹ተለቅሶልኝ አልቋል፤ የሞተ ሰው አይበላም› ትላለች።»

የአባላቱን ሕመምና ሞት በየስልካቸው የሚያስታውቀውን የእድሩን አፕ የሠራችው ብሩክታይት ናት። እትዬ አያልነሽ ወባ ይዟቸው ሳለ ጋሽ ኤርካሎ «ታመዋል» የሚለውን ቁልፍ ሊነኩ «አርፈዋል» የሚለውን ነኩ። ወዲያው መቶ ሰው ደረቱን እየደቃ ደጃቸው ደረሰ። ሴትዮዋ አልጋቸው ላይ ሆነው በስማቸው የወረደውን ሙሾ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም። ተጽፎበታል፤ አንብቦ መንካት ነው። ሁለቱ እኩል፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሲሆኑ ገጹ ያምራል።»

«ማማሩንስ ያምራል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ጡሩምባ ነፊው ቶማ ‹እገሌ ሞተ› ሲባል እንደ ሰማ ይነፋ ነበር?»

«የለም፤ ገብቶ ሬሳውን ያያል። ሌላ ሽማግሌም አይቶ ‹ንፋ› ይለዋል።»

«ታዲያ ለቶማ ያልተፈቀደው ለእኔ አውራ ጣት እንዴት ተፈቀደ? ሕመምና ሞትን ጎረቤት ያደረግሻቸው አንቺ ነሽ።»

ወይ የተማረ ሰው ግትርነት! «እኔ አልሳሳትም፤ ስልኩን ይስጡኝ» አለችና የራሷን ስም ከፈተች። ጣቷን «ታመዋል» አጠገብ አድርሳ ልታሳያቸው ስትል ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ነጠረ።

ከፊት ወንበር የአንድ ሰው ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የራሷ ጮኸ። «ብሩክታይት ይስሐቅ አርፈዋል» ይላል። እጇ ላይ ያለው የጋሽ ኤርካሎ ስልክ ጠራ፤ እናቷ ነበሩ።

«ልጄን ምን አገኘብኝ?»

«እማ፣ እኔ ነኝ! አለሁ!»

እናቷ ድምጿን ሲሰሙ ይባስ ጮኹ። ብሩክታይት ቤት እስክትደርስ ድረስ ደጃቸው ድንኳን ተተክሎ ነበር። ጎረቤቶቿ ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት፤ ሊነካት የደፈረ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ቁልፎቹን ለየቻቸው። «ታመዋል» አረንጓዴ ሆኖ ከላይ ብቻውን ቀረ፤ «አርፈዋል» ወደ ሌላ ገጽ ሄደ። እሱን የነካ ሰው በመጀመሪያ «በዓይንዎ አይተዋል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁለተኛ ሰው ካላጸደቀም መርዶው አይወጣም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር በቁሙ የተለቀሰለት ሰው የለም።

ቁልፎቹን የለየች ዕለት ስልኩን ይዛ እትዬ አያልነሽ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሁለተኛዋ አጽዳቂ እርስዎ ይሁኑልኝ።»

ሴትዮዋ ከግድግዳው ዞረው ገጹን ትኩር ብለው አዩት። «እኔ ሳልነካው ማንም አይሞትም?»

«አይለቀስለትም፣ እትዬ።»

«ይህን የመሰለ ሥራማ በባዶ ሆድ አይሠራም» አሉ። «ሾርባውን አምጪው።»