አረንጓዴው ፉል

ክቡራትና ክቡራን፤ እንዲህ ብዬ ሰው ስጠራ የመጀመሪያዬ ነውና አትሳቁብኝ። አሠሪያችን ሲት ፋሪሃ፣ ላውንድሪውን ዘግተው ይህን ግብዣ ስላሰናዱልኝ አላህ ይስጥልኝ። አማርኛዬ ሲያመልጥዎ ዛሂራ ታስረዳዎታለች፤ ከራሷ የምትጨምረውን ግን አይመኗት።

እዚህ ሰው አገር፣ ቡሪ ሠፈር፣ ስንት ዘመን አንሶላ ስተኩስ እንደኖርኩ ታውቃላችሁ። ዛሬ ስለ አንሶላ አላወራም። ወደ ኮምቦልቻ፣ ልጄ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ስለ ፉል ልናገር።

ባለቤቴ ሬሕማ በሞተች በዓመቱ ሐኪሙ ደሜን መርምሮ ኮሌስትሮልዎ በዝቷል አለኝ። ኪኒን ሰጠኝ፤ ቅባት ይተዉ፣ ለብቻዎ ቀለል ያለ ነገር ይብሉ አለኝ። ኪኒኑን ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት፤ እዚያው ቀረ። ለራሴም «አላህ የጻፈው አይቀርም» እል ነበር። ሐኪሙ ያለውን ለዛሂራ ነገርኳት እንጂ ለብቻ መብላቱንማ ማን ያስበዋል? ረፋድ ላይ ፈጡር፣ ቁርሳችን፣ ሲደርስ የሁላችንም እጅ የሚሰደደው አንድ ትሪ ላይ ነው። ከትሪው የተለየ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

አንድ ቀን ዛሂራ ትሪውን ስታቀርብ ፉሉ አረንጓዴ ሆኗል! የሰሊጥ ዘይቱ የለም፤ የበግ ጥብሱም የለም። አብሮኝ የሚተኩሰው ባዬ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ።

«ዛሂራ፣ ይኼ ፉል ሣር ሲግጥ ነው እንዴ ያደረው?»

«ስፒሩሊና ነው። ውኃ ውስጥ የሚበቅል አልጌ፣ ደርቆ የተፈጨ። ለኮሌስትሮል ደግ ነው ብለውኛል። ያላ፣ ብላ!»

«እኔ ምን ኮሌስትሮል አለኝ? ሥጋም የለኝ!»

«ጋሽ ዳውድ ለብቻቸው አልበላም ካሉ፣ እኛ የእሳቸውን እንበላለን።»

ባዬ በላ። ሾፌራችን ዛኪር እያጉረመረመ በላ። ሲት ፋሪሃም አንድ ቀን ቀምሰው፣ «ማሻአላህ» ብለው ወደ ቢሯቸው ሮጡ።

እኔ ግን ኪኒኑን አልነካሁትም። በኋላ ዛሂራ ጃኬቴን ልታጥብ ስትል እሽጉን እንዳለ አገኘችው።

«አንቱ! ይኼ ሁሉ ሰው በእርስዎ የተነሳ ሣር ይበላል፤ እርስዎ አንዲት ኪኒን አቃተዎ?»

ያን ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እዚያው ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ይህ በአላህ መመካት ነው ወይስ ኩርፊያ? ለካ አላህ ሬሕማን ወሰደብኝ ብዬ አኩርፌ ኖሯል። ሶላቴን ሳላጓድል አኩርፌያለሁ። ያን ዕለት ኪኒኑን ዋጥኩት።

አሁን ኮሌስትሮሉ ወርዷል፤ አልሐምዱሊላህ። እናንተም ያዳነዎ አረንጓዴው ነው ብላችሁ ዛሬ ጣሳ ሙሉ ዱቄት ሸለማችሁኝ። ዛኪርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ያ ሐጅ፣ እንግዲህ ኪኒኑን ይጣሉት» አለኝ።

ዛኪር፣ እኔም ሐኪሙን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። «ዱቄቱ ጥቂት ያግዝ ይሆናል፤ እንዲህ የሚሉ ጥናቶች አሉ» አለኝ። «ግን ኪኒኑ፣ የዘይቱ መቅረትና ዱቄቱ የትኛው ምን ያህል እንደ ሠራ ልለይልዎ አልችልም። ኪኒኑን እንዳያቋርጡ።»

እኔም አልለየውም። የማውቀው ኪኒኑን ያስዋጠኝ ትሪው መሆኑን ነው።

ኮምቦልቻ ደግሞ ትሪው የለም። ልጄ ሥራ ትውላለች፤ ፈጡሬን ብቻዬን ነው የምበላው። ያ ኩርፊያ ተመልሶ ቢመጣ ማን ያየኛል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመንገዱም ከእርጅናውም ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው።

ስለዚህ ዛሂራ፣ ላስቸግርሽ። ፈጡር ስትቀመጡ ደውዪና «ዋጡ?» በዪኝ። ስልኩን ትሪው አጠገብ አስቀምጡት፤ ስታጉረመርሙ ልስማ። ፉሉን ከነገ ጀምሮ ወደ ቀለሙ መልሺው፤ ባዬ በቅቶታል። ዘይቱን ግን እንዳትመልሺው፣ አደራ፤ የዛኪርም ሆድ እየገፋ ነው።

አሚን በሉ። አላህ ትሪያችሁን አያጉድል። ከትሪው የሚለያችሁ ሕመምም ኩርፊያም አይምጣ። አገር መግባት የምትመኙ በሰላም ግቡ፤ እዚህ የምትቀሩ ጉልበታችሁ አይዛል። ሲት ፋሪሃ፣ ቤትዎ በሰው ይሙላ።

አውፍ በሉኝ፣ የበደልኳችሁን ይቅር በሉኝ፤ እኔም አውፍ ብያለሁ። ነገ ረፋድ ላይ፣ መንገድ ላይም ብሆን፣ ስልኬን ይዤ እጠብቃችኋለሁ።