አምስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ያሉ ጥቁር የለበሱ እናት ጎናቸው ወደ ተቀመጠችው፣ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አንገቷ ላይ ወዳንጠለጠለችው ተማሪ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ እዚያ የድሮው ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ነው የምትማሪው?»

«አዎ እማማ። አሁን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኗል።»

«ባለቤቴ እዚያ ይሠራ ነበር። አምስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ።»

«እኛም እዚያ ነው የምንማረው! አሁን ጡረታ ወጡ?»

«ኩባንያው ሊዘጋ ነው፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ያሉት ዕለት፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ። ሁሉም ዕቃውን ሸክፎ ሲወጣ፣ የተኛ መስሏቸው ትተውት ሄዱ።»

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም።»

«ከየት ታውቂያለሽ? ሬሳውን የሰጡኝ በር ላይ ነው። ክፍሉን ልየው ብዬ ብለምን አላስገቡኝም። ዛሬም ሄጄ ነበር፣ ያለ መታወቂያ አይቻልም አሉኝ።»

«ገብተው ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ብቻውን ነው የሞተው። እሱ በነበረበት ቦታ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ።»

ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞራ፣

«ግድግዳዎቹን አፍርሰዋቸዋል እማማ፤ ፎቁ በሙሉ አንድ አዳራሽ ሆኗል» አለች።

«የሱ ቦታ የቱ ጋ እንደነበር አይለይም?»

«አይለይም።»

«እሺ። ትስቃላችሁ እዚያ?»

«አንዳንዴ፣ መምህር ሳይገባ።»

«ሳቁ ልጄ። እሱ ጸጥታ አይወድም ነበር።»

ኪሴ ውስጥ የሚጠራውን ስልኬን፣ እንዳያቋርጣቸው፣ ማን እንደደወለ እንኳ ሳላይ አጠፋሁት።