የዲጋው ሠርግ ርካሽ ጥይት

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የወንድሜን ሴት ልጅ ነቀምቴ አጠገብ ዲጋ ላይ ስንድር፣ ሙሽራው ከነአጃቢው ብቅ ሲል ወንድሟ ቶለሳ በአባቱ ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጥይቱን ነቀምቴ ገበያ በርካሽ ነው የገዛው፤ በአሮጌ ቀለህ ባሩድ እንደገና የተሞላ። መጮኹ ቀርቶ «ጠሽ» ብሎ ዝም አለ። ሰው ሳቀ። ቶለሳ አፍሮ ሊደግም ሲል ዘልዬ እጁን ያዝኩት።

«አዳዳ፣ ልቀቂኝ!» አለኝ፤ እዚያ አገር የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው።

«አልለቅህም! የፊተኛው ጥይት እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ከቀረ፣ ሁለተኛው እጅህ ላይ ነው የሚፈነዳው!» ባሌ ወታደር ስለነበር ይህን አውቃለሁ።

ለካ ሻጩም ድግሱ ላይ ኖሯል። «ሴት ደግሞ ስለ ጥይት ምን ታውቃለች? የኔ ጥይት አንደኛ ነው፤ ይድገም!» አለ።

«እንግዲያው እንካ፣ አንተው ድገምልን!» ብዬ ሽጉጡን ከቶለሳ እጅ ወስጄ ዘረጋሁለት። ሰው ሁሉ እያየው እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ቶለሳ ጥይቶቹን አራግፎ በአፈሙዙ ሽቦ ቢሰድ፣ ሽቦው መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ እርሳሱ ተቀርቅሮ ኖሯል!

ሻጩ ወጡን እንኳ ሳይቀምስ ውልቅ አለ። እኔም ሙሽራውን በተኩስ ፈንታ በእልልታ ተቀበልኩት። እልልታ አይከሽፍም!