ከጎርፍ የተረፈው ሸክላ

ነይ እስቲ ሜቪስ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ይሻላል… እኛም እንሰማለን፣ እኛንም ይሰሙናል። እንዴት ነሽ እቴ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እንኳን ዝናቡ አባራ! እኔማ እሁድ ከሰዓት መውጣት ትቼ ነበር፤ ባሌ ጎርደን ካረፈ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ሄጄ አውቃለሁ? ግን መጠጥ ቤቱ በር ላይ «የቆርቆሮው ጸሎት ቤት ባንድ፣ የ1971ዱ አልበም፣ በሸክላ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ አላስችል አለኝ። የጎርደን ነፍስ እኮ ነበር ያ አልበም!

አጫዋቹ ሰውዬ ሸክላውን በጠርዙ ብቻ እንዴት እንደያዙት አየሽ? በነጭ ጓንት! አንቱ ማለቴ አይግረምሽ። ከጎርደን ጋር አብረው ተምረው፣ እኛ ቤት እራት ሲበሉ የኖሩ ቢሆንም፣ ዛሬ የባርንስሌይ ከተማ ሁሉ አፍ አፋቸውን የሚያያቸው ሊቅ ናቸው። አልበሙ በወጣበት ቀን ዝናብ እየደበደባቸው ተሰልፈው ገዙት አሉ፣ ሰማሽ? ጎርደንም ያን ቀን፣ እዚያው ሰልፍ ላይ ነበር… እሳቸው ጉንፋን ጥሏቸው ተኝተው ነበር ሲለኝ ኖሯል። እኔ ዘንግቼ ይሆናላ!

ሁለተኛውን ገጽ ገለበጡት። ስሚ፣ ስሚ… አዎ! ዘለለ! ጊታሩ ሊገባ ሲል ሁለቴ ዘለለ። የኛም ሸክላ እዚችው ላይ ነበር የሚዘለው፤ በሠርጋችን ማግስት ጎርደን ሲጨፍር ጠረጴዛውን በዳሌው ገጭቶት። አይ መገጣጠም! የእሳቸውንም ጠረጴዛ አንድ ዳሌ ገጭቶት ይሆናል።

መሀሉ ላይ የለጠፏትን የወረቀት አበባስ አየሻት? ስታምር! ያኔ ግብዣ ስንሄድ እንዳይጠፋብን ሸክላችን ላይ በእስክሪብቶ ስማችንን እንጽፍ የለ? ጎርደን የሚጽፈው ልክ እዚያች ቦታ ላይ ነበር። እሳቸው ግን አበባ ለጠፉባት… ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው!

ደግነታቸውንማ ተይው። ጎርደን ሆስፒታል ሳለ የወይን ፍሬ ይዘውለት መጡ፤ እንዳይበላሽ ብለው ራሳቸው ጨረሱት። ጎርደን እጃቸውን ይዞ፣ «ያዋስኩህን ሸክላ አምጣልኝና አንድ ጊዜ ልስማው» አላቸው። እንባቸው ቅርር አለ፤ ምድር ቤታቸው ጎርፍ ገብቶ ሸክላው ተበላሽቷል አሉት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሊሞት ዘጠኝ ቀን የቀረው ሰው፣ «አይዞህ፣ ዕቃ ነው» ብሎ አጽናናቸው። እኔም ከልቤ አዘንኩላቸው… ዛሬ ደግሞ ደስ አለኝ። ጎርፉ እንዴት ያለ ጨዋ ነው በናትሽ! አጥቦ፣ አድርቆ፣ አበባ ለጥፎ መለሰላቸው እኮ።

ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ክፉ ወጣኝ? እሳቸውስ ምነው ፊታቸው ቀላ… የምድጃው ሙቀት በዛ መሰለኝ። እኔ እኮ ሌላ ምኞት የለኝም፤ ያን ሸክላ ቤቴ ወስጄ ከጎርደን ፎቶ ፊት ለፊት ባጫውተው ይበቃኛል። አንጀቴን የበላኝ ሳይሰማው መሄዱ ነው።

በይ ልመርቃቸው፣ አንቺ አሜን በይ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የሚወዱትን ሙዚቃ ከጆሯቸው አያርቅባቸው። አልጋ ላይ ወድቀው አንድ ነገር ያማራቸው ቀንም፣ እግዜር ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ወዳጅ ከራስጌያቸው አያሳጣቸው።