የአንዲት በግ ካሳ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በተነሳው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ነበርን፦ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ አንዲት መምህርት፣ እንቅልፍ የወሰደው ወታደርና እኔ።

«አባባ፣ የት ይሄዳሉ?» አለች መምህርቷ።

«አዲስ አበባ፣ ልጄን ልሸኝ። ጦር ወርዋሪ ናት። ለብሔራዊ ቡድን ተመርጣ ነገ ለውድድር ውጭ አገር ትሄዳለች።»

«ከመንዝ ሯጭ እንጂ ወርዋሪ ይወጣል እንዴ?»

«ጭላዳ ዝንጀሮ ከገብሳችን በድንጋይ ስታባርር ነው የለመደችው። አንድ ቀን ድንጋይዋ ጭላዳውን ስቶ የጎረቤታችንን በግ ገደለ።»

«ነገሩ በሽማግሌ ታየ?»

«አዎ። ያኔ ልድራት ቀን ቆርጬ ነበር። የበጓ ባለቤት ጋሽ ወልዴ፣ ‹የምፈልገው ካሳ አንድ ነው፤ ልጅቷን አትዳራት፣ አሥረኛ ክፍል እስክትጨርስ ትማር› አሉ።»

«እርስዎስ?»

«በሽማግሌ ፊት እምቢ ይባላል? እያጉረመረምኩ ተቀበልኩ። የስፖርት አስተማሪዋ ጦር ያስያዛት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነው።»

«ታዲያ ጋሽ ወልዴን ይዘዋቸው አይሄዱም?»

«ለምኛቸው ነበር። ‹ወርዋሪዋን ወስዳችሁብኝ ጭላዳውን ማን ይጠብቅ› ብለው ቀሩ። ዕድሜ ይስጣቸው።»

እኔ እህቴን በዳርንበት ዓመት ስንተኛ ክፍል እንደነበረች እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ሳስብ ሄድኩ።