ጎማ የሄደበት ሸሚዝ

ልጅቷ የታጠበ ልብስ በባልዲ ይዛ ወደ ማስጫው ስትሄድ፣ ግቢው ውስጥ የቆመው አውቶቡስ ደረጃ ላይ አጎቷን ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። አጎቷ የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው። እግራቸው ሥር ባዶ የቢራ ጠርሙስና የኪኒን ማሸጊያ ወድቋል።

«ጋሼ፣ ኪኒኑን በቢራ አወራረዱት? ውሃ ጠፋ እንዴ?»

«አንቺ ምላሳም፣ ከዋጥኩት እኮ ቆየ። ከምሳ ጋር አንዲት ቢራ ምን ታደርጋለች? ማረጋጊያውንም ሐኪም ነው ያዘዘልኝ።»

«ማታ ሊተኙ ሲሉ ብሎ ነው ያዘዘው። ከመጠጥ ጋር አይሆንም፣ መሪም አይያዝበትም ሲል አብሬዎት ነበርኩ።»

አጎቷ ሳቁ። ከሳቁ የረቱ ይመስላቸዋል።

«እኔ እንደውም ስረጋጋ ነው የምነዳው። በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም።»

«ጓደኛዎም እንዲሁ ይሉ ነበር። ፍሬን እምቢ ብሏቸው ሞቱ ተብሎ ተለቀሰ። ሲመረመር ግን ደማቸው ውስጥ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ተገኘ። ፍሬኑማ ደህና ነበር፤ ያልረገጡት ፍሬን ምን ያድርግ?»

አጎቷ ሰዓታቸውን አዩ። ሠራተኞቹን የሚያመጡበት ሰዓት ደርሷል፤ ከሠራተኞቹ አንዷ ደግሞ የልጅቷ እናት ናት።

«እህቴን ልገድላት ነው በይኛ» ብለው ተነሡ።

«እንግዲያው ያሳዩኝ። ይኸው ባልዲውን ከኋላ አስቀመጥኩ። እንደ ልማድዎ ወደ ኋላ ይምጡና ሳይነኩት አጠገቡ ያቁሙ።»

አጎቷ የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ወደ ኋላ ማቆም ነው። ልጅቷ ራቅ ብላ ቆመች። አውቶቡሱ መጣ፣ መጣ፣ አለፈም። እሳቸው ፈገግ እያሉ ወረዱ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

በአገጯ ወደ ጎማው አመለከተቻቸው። ባልዲው ተጨፍልቋል። ከውስጡ የወጣው የእሳቸው የሥራ ሸሚዝ መሬት ተዘርግቶ፣ ጎማው ደረቱ ላይ ታትሟል።

«ሲሰበር እንኳ አልሰማሁም» አሉ ቀስ ብለው።

«ባልዲ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ይገዛል።»

ቁልፉን አወጡና እጇ ላይ አኖሩት። «ሂጂ፣ ለተጠባባቂው ሹፌር ስጪው።»

ሲመሽ እናቷ እያጉረመረመች ገባች። «ያ ተጠባባቂ ሹፌር ኤሊ ነው፤ እግሬ ደነዘዘ።» ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እናትየው ምን ነካት ብላ ግራ ገባት። አጎቷ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዝግታ ደስ አላቸው።

ዛሬ አጎቷ መሪ የሚይዙት ሐኪሙ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከጠርሙስም ተለያይተዋል፤ እንቅልፋቸው ተመልሷል፣ እህታቸውም አጠገባቸው ተቀምጣ ትመጣለች። ሸሚዙን አላሳጠቡትም፤ የሹፌሮች ማረፊያ ውስጥ ሰቅለውታል። ከምሳ ጋር «አንዲት ብቻ» የሚል ሲመጣ፣ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ያመለክታሉ።